ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (1876–1969 ዓ.ም.)

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በሰሜን ሸዋ፣ ከመርሐቤቴ ብዙም በማይርቀው ሲያደብር ነው። ገና በልጅነታቸው ዐድዋ ዘመቱ፤ ከዚያ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ።

ከአውሮፓ ሲመለሱ የአገሩ አስተዳደር አንገበገባቸው። ብሶታቸውን ግን በስብከት አልገለጹትም፤ የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። በተራስ ሆቴል መድረክ ላይ አውሬዎች እንደ ሰው ሲነጋገሩ፣ ፊት ለፊት ለተቀመጡት መኳንንት ነገሩ ስውር አልነበረም። ተውኔቱ ታገደ። ድፍረቱ ዛሬም ያስደንቃል።

በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በጄኔቭ ለኢትዮጵያ ተሟገቱ። የ«አርአያ» ልቦለድ ደራሲ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ልጃቸው ናቸው።