ፖል ባርን

«ባርን» በጥንታዊ እንግሊዝኛ «የገብስ ቤት» ማለት ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ገጠር የመኪናና የትራክተር ማደሪያ፣ ሲበላሹም መጠገኛ ሆኗል።

«ፖል» ደግሞ ቋሚው ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መልክ የያዘው የፖል ባርን አሠራር ቋሚዎችን መሬት ውስጥ ይተክላል፣ በአግድም ማገር ያያይዛል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል። ጭቃ ቤት የሠራ ኢትዮጵያዊ ቋሚና ማገሩን ወዲያው ያውቃቸዋል። የጣሪያው ጭነት በቋሚዎቹ ላይ ስለሚያርፍ መሐሉ ያለ ግድግዳ ሰፊ ሆኖ ይቀራል፤ ለመኪና የተወደደውም በዚህ ነው።

ዕቅዱ ግን ከወለሉ መጀመር አለበት። ለማደሪያ ብቻ ከሆነ የተደለደለ ጠጠር ይበቃል፤ መኪና ማንሻ ሊፍት ግን ጠንካራ ኮንክሪትና 3.6 ሜትር ገደማ የጣሪያ ከፍታ ይፈልጋል። በብርዳማ ግዛቶች ቋሚው አፈሩ በረዶ ከሚሠራበት ጥልቀት በታች ካልወረደ ውርጩ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ሊፍት ያሰበ ሰው ጉድጓድ ሳያስቆፍር የማሽኑን መመሪያ ያንብብ።