ከ«በላይ ዘለቀ» እስከ «ጣናነሽ»

«የየት አገር ልጅ ነህ?» ሲሉኝ «የብቸና» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ወዲያው «እንዴ፣ የበላይ አገር!» ይለኛል። ብቸናን በካርታ የማያገኛት ሰው እንኳ የአባ ኮስትርን ስም ያውቃል። ጣሊያንን አምስት ዓመት ሙሉ በምሥራቅ ጎጃም በረሃና ደጋ ያስጨነቀው በላይ ዘለቀ ለምጨን ላይ ያደገ የአካባቢያችን ሰው ነው። ከድሉ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ አግኝቶ ብቸናን ያስተዳደረ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ በገዛ አገሩ መንግሥት በስቅላት የተቀጣ ጀግና ነው። ዛሬ ስሙ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ስም ሆኗል። ቀድሞ «ግንቦት 20» ይባል የነበረው ማረፊያ ማለቴ ነው።

ማረፊያው ከባሕር ዳር በስተምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መሀል ከተማው ላይ፣ ጣና ዳር፣ የጀልባ ወደብ አለ። ከዚያ ወደብ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ጎርጎራ ይኬዳል። ሐይቁ ላይ ከሚመላለሱት መርከቦች ስሟ በሰው አፍ የገባው ጣናነሽ ናት። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ከ«በላይ ዘለቀ» ተነስቶ «ጣናነሽ» ላይ ለመሳፈር በምን ይኬዳል?

በባጃጅ፣ በታክሲ። አለቀ። 8 ኪሎ ሜትር ምን አላት?

ሌላ አገር ቢሆን እውነትም እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሲድኒ ላይ ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ ባቡር ይይዝና ሰርኩላር ኪ ይወርዳል፤ ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች እዚያው አጠገብ ቆመዋል። ቬኒስ ላይ ከማርኮ ፖሎ አውሮፕላን ማረፊያ በእግሩ ወጥቶ ውኃው ዳር ይደርሳል፤ የሕዝብ ጀልባ ይሳፈራል። መንገደኛው ሰሌዳ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የእኛን አገር ጥያቄ ግን ሰሌዳ አይመልሰውም። ምክንያቱም እዚያች 8 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገናኙት ሁለት ዓይነት መንገደኞች ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት በረራ የመጣ ነው። ሌላው ከብቸና ወይም ከሞጣ በሚኒባስ ተጨናንቆ የመጣ ነው። ሁለቱም ጀልባውን ይፈልጋሉ። ታሪካቸው ግን አንድ አይደለም።

ከውኃው እንጀምር፤ የጥንቱ መንገድ እሱ ነውና። ጣና ላይ የመጀመሪያው የሕዝብ ትራንስፖርት ታንኳ ነው። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ይሠራል፤ በዚህ ሙያ የሚታወቁት ደግሞ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። መነኮሳት ወደ ደሴቶቹ የተሻገሩት፣ እህልና እንጨት የተመላለሰው በታንኳ ነው። ነገሥታትም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ የዘርዐ ያዕቆብና የፋሲለደስ አጽም አለ። ጎንደርን የቆረቆረው ንጉሥ ራሱ የመጨረሻ ጉዞው ማረፊያ ደሴት ናት።

ፋሲለደስን ዝም ብዬ አላነሳሁትም። ሞጣ ዘንድ ስሙ ከሌላ ነገር ጋር ይነሳል። ከሞጣ ወደ ሰሜን ቁልቁል ሲወረድ፣ ዓባይ ጎጃምንና ጎንደርን በሚለይበት ገደል ላይ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በእሱ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በአባቱ በሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው፤ የሞጣው የእሱ ታናሽ ነው ማለት ይቻላል። ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የሁለቱ አገር ገበያተኛ፣ ሙሽራና ለቀስተኛ በዚያ ተሻግሯል። ጣሊያን ሲመጣ ግን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መሀሉን ቆረጡት። ከዚያ በኋላ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ።

ጠላት ወጣ፤ ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ቀረ። ሰው ምን አደረገ? ገመድ አመጣ። ከወዲህ አሥር ጎበዝ፣ ከወዲያ አሥር ጎበዝ ገመዱን ይዞ ይቆማል፤ ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ይታሰርና ከዓባይ በላይ እየተንጠለጠለ ይጎተታል። የጫፍና የጫፉ ሰዎች ካልተባበሩ የሚሻገር የለም። ይህ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ክረምት የተደረገ መላ አልነበረም፤ ለ60 ዓመት ገደማ የኖረ የሕዝብ ትራንስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ የዚህን መሻገሪያ ፎቶ በመጽሔት ላይ አይቶ ተነሳ፤ በ2002 መሀሉ በብረት ተሞላ። በ2005 ደግሞ የዓባይ ሙላት ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አስቡት እንግዲህ፤ የእኛ ዘመን ሰዎች ኢሜይል መላክ ከለመድን በኋላ ነው የሞጣ ሰው ከገመድ የተላቀቀው።

ጣሊያን የሰበረው ብቻ ሳይሆን የተወውም ነገር አለ። ጎርጎራ ላይ ጣናን ቁልቁል የሚያይ የሙሶሊኒ ዘመን ሐውልት እስከ ዛሬ ቆሟል። አፋችን ላይ ደግሞ ቃላቱ ቀርተዋል፦ መኪና፣ ጎማ፣ ፌርማታ። ዛሬ የሞጣ መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «ጎማው ይታይ» ሲል አርበኞች የተዋጉትን ሰው ቋንቋ እየተናገረ መሆኑን ማን ያስበዋል? ከነጻነት በኋላም ሐይቁ ላይ የሞተር መርከብ ሥራ ቀጠለ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚሄደው የሕዝብ መርከብ ለረጅም ጊዜ በሳምንት አንዴ ነበር የሚነሳው፤ መንገድ ላይ ደሴቶቹን እየነካ፣ ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ ይገባል። ቱሪስቶች ይወዱታል፤ ለደቅ ሰው ግን እንደ ከተማ አውቶቡስ ነው። በርበሬውን፣ ዶሮውን፣ የታመመ ልጁን ይዞ ይሳፈርበታል።

አሁን ወደ ሰማይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ነው። በላይ የተሰቀለው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ነው። በአንድ የፈረንጅ ዓመት ውስጥ ሰውየው ከምድር ሄደ፣ ወደፊት ስሙን በሚሸከም ማረፊያ ላይ የሚያርፈው አየር መንገድ ደግሞ ተወለደ። አየር መንገዱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጦርነት የተረፉ ዲሲ-3 አውሮፕላኖችን ይዞ ተነሳ። እነዚህ አውሮፕላኖች ለጎጃም የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ አስፋልት አይጠይቁም፣ የተደለደለ ሜዳና ከብቱን የሚያባርር ዘበኛ ካገኙ ያርፋሉ።

ሞጣም ሜዳ ነበራት። ዛሬም በዓለም የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ውስጥ ሞጣ የራሷ ባለሦስት ፊደል መለያ አላት፦ ኦ.ቲ.ኤ። ልክ እንደ ሎንዶን፣ እንደ ዱባይ። በአንድ ወቅት የአገር ውስጥ በረራ ይደርስባት ነበር። ይህን ለወጣቶች ስነግር አያምኑኝም፤ «ሞጣ? አውሮፕላን?» ይላሉ። ነገሩ ግን ምክንያት ነበረው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ወንዞች ይሞላሉ፣ መኪና ይቆማል። መንገድ ያልደረሰበትን ከተማ በአውሮፕላን መድረስ ይቀላል። በእኛ አገር ብዙ ከተማ ክንፍ ያየው ደህና ጎማ ሳያይ ነው። መንገዱ ሲሻሻል አውሮፕላኑ ሄደ፤ ከተሞቹ ወደ ትልቁ ማረፊያ ወደ ባሕር ዳር በመኪና ይምጡ ተባለ ማለት ነው። ምክንያታዊ ነው። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፦ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።

መንገዱ ይሄ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን ባለ303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ሽቅብ ደጀን ይወጣል። ደጀን ላይ መንገድ ይከፈላል። በግራ ወደ ደብረ ማርቆስ፤ በቀኝ ወደ ብቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ግንደወይን፣ ሞጣ፣ አዴት፣ ባሕር ዳር። የእኛው ያጥራል፤ ግን የመንግሥት ዓይን ለረጅም ጊዜ የማርቆሱ ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር መጥታ እናቷን ይዛ ጣና ገዳማት ልትሳለም ፈለገች። እሷ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ እኔና እትዬ ደግሞ ከብቸና በአባዱላ፤ ወደቡ ላይ እንገናኝ ተባባልን። እትዬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ዳቦዋንና ጠበሏን ቋጥራ ጨርሳለች። መናኸሪያ ስንደርስ ሰው ሞልቷል፤ ረዳቱ «ትንሽ ጠጋ በሉ፣ እናት ናቸው» እያለ ቦታ አበጀልን። ሞጣ ላይ ቁርስ በላን። ባሕር ዳር ስንገባ እትዬ እግሯ አብጦ ነበር። ልጅቷ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው በባጃጅ መጥታ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ቡና ጠጥታ ትጠብቀናለች። እትዬ አቀፈቻትና «አንቺ ከሰማይ ወርደሽ ቀደምሽን፤ እኛ ምድር ላይ ያለነው ዘገየን» አለቻት። ከዚያ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ተሻገርን፤ ዳጋና ክብራን ሴት አይገባባቸውምና። ጀልባው ላይ ስንቀመጥ የመጣንበት መንገድ ልዩነት ጠፋ። ሁላችንም ያው አንድ ዓይነት የሕይወት ጃኬት ለበስን።

ያ ጉዞ ዛሬ ቢሆን ኖሮ አላውቅም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ አለ። በዚያን ጊዜ የባሕር ዳር በረራ ለቀናት ተቋርጦ ተመልሷል። ምድሩ ግን እንደ ሰማዩ ቶሎ አልተመለሰም። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት ስልክ ይደውላል፤ «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው ከ«ደህና አደርክ?» ይቀድማል። አውሮፕላኑ ይበራል፣ ጣና እንዳለ አለ፤ በመሀል ያለው ሰው ግን ቤቱ ቁጭ ብሏል። የበላይን ስም የተሸከመው ማረፊያ ላይ ለመድረስ በጣም የሚከብደው ለበላይ አገር ሰው ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ማረፊያን በጀግና ስም መሰየም አንድ ነገር ነው፣ የጀግናውን አገር ሰው እዚያ ማድረስ ሌላ ነገር ነው ለማለት ነው።

በዚህ መሀል በ2017 ዓ.ም. ሁላችንንም ያስገረመ ጉዞ አየን። ጣናነሽ 2 የተባለችው አዲስ መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነስታ፣ ረጅም ተሳቢ ላይ ተጭና፣ በየብስ ወደ ባሕር ዳር መጣች። በየከተማው ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ እልል አለላት፤ ፎቶዋ በየስልካችን ተዘዋወረ። መርከብ በአስፋልት! ቀልዱ ብዙ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ለውኃ የተሠራችው ራሷ ውኃው ጋ የደረሰችው በመኪና መንገድ ነው። ሰማዩም ሐይቁም ያለዚያ መንገድ ለእኛ ምንም አይደሉም።

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነቶችና ስለ ትልልቅ ድልድዮች ይጽፋሉ። ገመዱን ከዓባይ ወዲህና ወዲያ ይዘው ስለቆሙት የሞጣ ጎበዞች የሚጻፈው ጥቂት ነው። እነሱ ግን የትራንስፖርትን ነገር ከማንም በፊት አውቀውታል፦ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው መኖር አለበት፤ መሀሉ ደግሞ ሰላም መሆን አለበት። ያኔ ከብቸና ሌሊት የተነሳች እናት ባሕር ዳር ትገባለች፤ አድራ በማግስቱ በጠዋቱ ጀልባ ትሳፈራለች። ከአውሮፕላን የወረደው እንግዳም አጠገቧ ይቀመጣል። የጀልባው ረዳት ሁለቱንም እኩል «ጃኬታችሁን እሰሩ» ይላቸዋል።