«የለው» እና «የለውም»፦ ስለ ሁለት የአማርኛ ምዕላዶች ታሪክ

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ያስቸግራል። ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች በሚያዘቀዝቀው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ደግሞ ተረቱ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን በየክረምቱ በዐይን የሚታይ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ተረቱን በሰዋስው በኩል ለተመለከተው ሰው አንድ እንግዳ ነገር አለበት። ዛሬ በምንጽፈው አማርኛ «ማደሪያ የለውም» እንላለን እንጂ በ«የለው» ዐረፍተ ነገር አንዘጋም። ሁለተኛው ግሥ «ይዞራል» ግን ልክ እንደ ዛሬው ነው። በአንድ አጭር ተረት ውስጥ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጧል ማለት ነው።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን የራሳችን ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ከእነዚሁ ወረዳዎች የተሰበሰበ የተረትና ምሳሌ ረቂቅ ለእርማት ቀርቦልን ነበር። እኛም በቀይ እርሳስ «የለው» የሚለውን ሁሉ «የለውም»፣ «አላይ» የሚለውን «አላይም» እያደረግን ጨረስነው። በዚያው እጃችን የበጌምድርን ሰው «ሰምቸ» እና «ሄጀ» ወደ «ሰምቼ» እና «ሄጄ» መለስነው። ሰብሳቢው ወጣት የታረመውን ሲያይ «ዶክተር፣ ሽማግሌዎቹ እኮ እንዲህ ብለው አልነገሩኝም» አለን። በዚያን ጊዜ ቃሉን ቸል አልነው።

ታሪኩን እንመልከት። የቀድሞዎቹ የሰዋስው መምህራን ትንቢት የሚሉት የግሥ ዐይነት፣ ማለት «ይነግር»፣ በግእዝ ብቻውን ዐረፍተ ነገር ይዘጋል። በዛሬው አማርኛ ግን «አለ» የሚለው ነባር አንቀጽ ካልተደረበበት አይዘጋም፤ «ይነግር» እና «አለ» ተጋጥመው «ይነግራል» ይሆናሉ። ይህንን ከፕሬቶሪዩስ (1879 እ.ኤ.አ.) እስከ ማርሴል ኮኸን (1936 እ.ኤ.አ.) የጻፉት ሊቃውንት አስረድተውታል። መደረቡ ግን ከጥንት የነበረ አይደለም። ከዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) እስከ ዐፄ ገላውዴዎስ (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ላሉት ነገሥታት በተገጠሙት፣ ኢኛሲዮ ጉዊዲም በ1889 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው የምስጋና ግጥሞች ውስጥ ትንቢቱ «አል» ሳይከተለው ዋናውን ዐረፍተ ነገር ሲዘጋ ይገኛል። አሉታውም ያለ «ም» የሚቆምበት ቦታ አለ። ግርማ አውግቸው ደመቀ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአማርኛ ታሪካዊ ሰዋስው ይህንን ለውጥ በሰፊው ተከታትሎታል።

እንዲህ ያለው ለውጥ የአማርኛ ብቻ አይደለም። የሮማይስጥ ልጆች የሆኑት ቋንቋዎች ትንቢታቸውን ያበጁት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሮማይስጡ «ካንታሬ ሀቤዎ» ይል ነበር፤ ቃል በቃል «መዝፈን አለኝ» እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ተዋሕደው በጣሊያንኛ «ካንቴሮ»፣ በፈረንሳይኛ «ሻንትሬ» ሆኑ። ስፌቱ ጨርሶ ጠፍቷል። በፖርቱጋልኛ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። በመደበኛው ጽሑፍ «እሰጠዋለሁ» ለማለት «ዳር-ልዬ-ኤይ» ይባላል፤ ተሳቢውን የሚያመለክተው ተውላጠ ስም በግሡና በረዳቱ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። የእኛው «እሰጠዋለሁ» ከዚህ በምን ይለያል? «እሰጠው» እና «አለሁ» ነውና «ው» የተቀመጠው እዚያው ስፌቱ ላይ ነው። እንዲያውም አማርኛ ሌላ ምስክር ይጨምራል። «ይነግራሉ» ስንል ብዛቱን የምንሰማው በረዳቱ መጨረሻ ነው፤ ተሳቢ ሲገባበት ግን «ይነግሩኛል» እንላለን፤ ብዛቱ ወደ ዋናው ግሥ ይመለሳል፣ «አል»ም ባዶውን ይቀራል። የውጭ አገር ተማሪዎች ይህንን እንደ ግድፈት ቆጥረው ሲጠይቁን በቃል ከማስጠናት በስተቀር ምክንያቱን የምንነግራቸው ጥቂቶች ነን።

የ«ም» ታሪክ ደግሞ ከፈረንሳይኛው አሉታ ጋር ይቀራረባል። ፈረንሳይኛ መጀመሪያ «ነ» በምትለው ቃል ብቻ ያፈርስ ነበር። በኋላ «እርምጃ» የሚል ፍች ያላት «ፓ» ለማጠንከሪያ ገባች፤ ቆይታም ግዴታ ሆነች፤ ዛሬ በንግግር «ነ» ራሷ እየተተወች ነው። የእንግሊዝኛው «ኖት» እና የጀርመንኛው «ኒሽት» እንዲሁ «አንዳች ነገር ሳይሆን» ከሚል አነጋገር የወጡ ናቸው። በአማርኛ «ማንም»፣ «ምንም»፣ «አንድም» በሚሉት ውስጥ ያለችው «ም» የማጠንከሪያ ናት። «አል-» ብቻውን ያፈርስ ለነበረው ግሥ ይህችው «ም» ተጨምራ ልማድ ሆናለች ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

«አል» እና «ም» አንድ ዐይነት ጠባይ አላቸው። ሁለቱም በዋናው ዐረፍተ ነገር ብቻ ይገኛሉ፤ በአንድ ግሥም ላይ አብረው አይውሉም። «ይነግራል» ወይም «አይነግርም» እንጂ «አይነግራልም» የሚል የለም። ጥገኛው ሐረግ ግን ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ «ሲነግር»፣ «እንደማይነግር» ይላል። ቋንቋ ፊት ለፊት ሲታደስ ጥገኛው ሐረግ አሮጌውን ይዞ ይቀራል። በጀርመንኛም ግሡ በጥገኛው ሐረግ መጨረሻ መቀመጡ የጥንቱ የጀርመናውያን ቋንቋዎች ሥርዓት ቅሪት እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ።

እንግዲህ ተረቱ ከጥገኛው ሐረግ ጋር ሌላው ማኅደር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል «ያስራል» አንልም። ቤት ለመምታት ነው የሚል መልስ ይሰጠናል። በዚህ ተረት ላይ መልሱ ይሠራል እንበል፤ ሆኖም ገጣሚ ቋንቋው ፈጽሞ የማያውቀውን አገባብ ከየት ያመጣል? በ«የለው» ላይ ደግሞ «ይዞራል» ቤት አይመታለትምና ግድ የሚል ነገር የለም። ሌላው መልስ የግእዝ ተጽዕኖ ነው የሚል ነው። ጋይንት የቤተልሔም ድጓ ቤት አገር በመሆኑ መልሱ ለጊዜው ያሳምናል። ነገር ግን ግእዙ «አልቦ» ይላል እንጂ «የለ» አይልም፤ አሉታውም «ኢ-» እንጂ «አል-» አይደለም። ዓባይን ማደሪያ የነሣው ባላገሩ በራሱ አማርኛ ነው። «የለው» የጥገኛ ሐረግ ማሰሪያ ነው ለሚሉንም፣ ጥገኛ ቢሆን «ስለሌለው» ወይም «ሳይኖረው» ይል ነበር ብለን እንመልሳለን።

በመሆኑም መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን «የለ»ን ከ«የለም» ለይተው፣ «በተረትና በግጥም ዋና ዐረፍተ ነገር ይዘጋል» የሚል ማብራሪያ ጨምረው ቢያስገቡት መልካም ነው። ተርጓሚውም የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ በተረት ሲናገር ይህንን አሮጌ አገባብ ሊጠቀምበት መብት አለው፤ አራሚው ግድፈት አድርጎ ሊቆጥርበት አይገባም።

የእስቴውንና የስማዳውን ረቂቅ በተመለከተ፣ ዘግይተንም ቢሆን ልንመልሰው ሞክረን ነበር። በሰፊው የሚታወቁትን ተረቶች በቀላሉ አስተካከልን። ለቀሩት ግን የሰብሳቢው የመጀመሪያ ደብተር አልተገኘም፤ በእጃችን ያለው እርማቱ ገብቶበት በንጹሕ የተገለበጠው ብቻ ነው። «ም» ካለባቸው አያሌ መስመሮች መካከል የትኛዋ የሽማግሌዎቹ፣ የትኛዋ የእኛ እንደ ሆነች መለየት አልቻልንም።