ሴይቼንቶ፦ ከቀይ ባሕር በሮች እስከ ጣርማ በር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል፣ ከጄኖቫ ወይም ከትሪየስቴ ተነሥቶ የስዊዝን ቦይ ያለፈ የጣሊያን መንገደኛ መርከብ ኤደን ሳይቆም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መውጣቱ ብርቅ ነበር። የሎይድ ትሪየስቲኖ ኩባንያ መርከቦች፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚያቀኑት «አፍሪካ» እና «ኤውሮፓ»፣ ወደ አውስትራሊያ የሚያቀኑት «ኦሺኒያ» እና «ኔፕቱኒያ»፣ ኤደን ጎራ ብለው ያልፉ ነበር። እንግሊዞች ከተማዋን የያዟት እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን ከ1850 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ ወደብ አድርገዋታል። ሰዓቱ፣ ካሜራው፣ ሬዲዮው ያለ ቀረጥ ይሸጥባት ስለነበር፣ መንገደኛው መርከቡ ነዳጅ እስኪሞላ ድረስ ስቲመር ፖይንት ወርዶ ይገበያይ ነበር።

ለእኛም ኤደን ሩቅ አገር አልነበረችም። የሐረር ቡናና ቆዳ ይሻገርባት ነበር። የፈረንሳዊው ነጋዴ የአንቶኒን ቤስ የንግድ ቤት ዋና መሥሪያው ኤደን ሆኖ ቅርንጫፉ አዲስ አበባ ነበር። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንም በ1915 ዓ.ም. የእንግሊዝን የጦር አውሮፕላን ትርኢት አይተው ራሳቸውም የበረሩት ኤደን ላይ ነው። ምጽዋና አሰብ ከባብ ኤል መንደብ ወዲህ፣ ጅቡቲና ኤደን ከወዲያ ሆነው፣ የአውሮፓ ማሽን ወደ አካባቢያችን የሚገባው በነዚህ በሮች ነበር።

በነዚያ በሮች ካለፉት መኪኖች ሁሉ እኔ አይቼ የማልጠግባት አንዲት ክብ፣ አጭር፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ መኪና ናት፦ ፊያት 600። የአዲስ አበባ ሰው ሴይቼንቶ ይላታል።

ስለ ጥንታዊ የጣሊያን የስፖርት መኪና ሲነሣ የብዙው ሰው ሐሳብ ፌራሪ ላይ ያርፋል። እውነት ነው፣ ፌራሪ 250 ጂቲኦ የተሠራው 36 ብቻ ነው፤ አንዷ እ.ኤ.አ. በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። ያ የጥቂት ባለጸጎች ዓለም ነው። የጣሊያን ስፖርት መኪና ሥሩ ሲቆፈር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የተራ ሰው መኪና ነው። የዚያ ሥር ቁራጭ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ሸራ ለብሶ ቆሟል።

ዳንቴ ጃኮዛ የሚባል የፊያት መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣችው ቶፖሊኖ የተባለችው ትንሿ ፊያት 500 የእሱ ሥራ ናት። ጦርነቱ ሲያበቃ ፒየሮ ዱሲዮ የተባለ የቱሪን ባለሀብት ቺዚታሊያ የተሰኘ የውድድር መኪና ድርጅት አቋቋመ። ጃኮዛም ከፊያት 1100 ክፍሎች ዲ46 የተባለችውን ትንሽ ተወዳዳሪ መኪና ነደፈለት። ቀጥሎ የመጣችው ቺዚታሊያ 202 ፒኒንፋሪና ያለበሳት አካል እጅግ ውብ በመሆኑ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ትገኛለች። ኮፈኗ ሲከፈት ግን የሚታየው የፊያት 1100 ሞተር ነው።

ቺዚታሊያ በገንዘብ እጦት ሲፈርስ፣ በቪየና የተወለደው የውድድር ክፍሉ ኃላፊ ካርሎ አባርት ከፍርስራሹ የቀረውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1949 የራሱን ድርጅት ከፈተ። ምልክቱን ጊንጥ አደረገ፤ የተወለደበት ኮከብ ነውና። በማርች 1955 ጃኮዛ በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ሴይቼንቶን ይዞ ብቅ ሲል አባርት የሚፈልገውን አገኘ። መኪናዋ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ600 ኪሎ በታች፣ ሞተሯ 633 ሲሲ፣ ዋጋዋም 590,000 ሊሬ ነበር። አራት ሰው ይዛ በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። አባርት ከዓመት በኋላ ይህንኑ ሞተር ወደ 747 ሲሲ አሳድጎ ጉልበቱን ከ40 ፈረስ በላይ አደረሰው። ሙሉ መኪና መግዛት ለማይችልም የማሻሻያ ዕቃዎቹን በሣጥን አድርጎ ይሸጥለት ነበር። ባለ 850 እና ባለ 1000 ሲሲዎቹ አባርቶች ተከተሉ፤ በአውሮፓ የቱሪዝም መኪኖች ሻምፒዮናም በምድባቸው ደጋግመው አሸነፉ። የኋላ ኮፈናቸው በብረት ዘንግ ተደግፎ ክፍት ሆኖ ሲሮጡ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ዛሬም የሰብሳቢዎች ሀብት ናቸው። ኮፈኑ የተከፈተው ሞተሩ አየር እንዲያገኝ ነው።

ፒያሳና መርካቶ መካከል በታክሲነት ሰው ስታመላልስ የኖረችው ሴይቼንቶ እንግዲህ የነዚያ አሸናፊዎች እኅት ናት። የሻንሲ አሠራሩ፣ የፊት ባሌስትራው፣ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮው፣ የሞተሩ አቀማመጥ ያው አንድ ነው።

የጣሊያን መኪና ወደ አገራችን የገባው ግን በደስታ ቀን አይደለም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ታሪክን ማጉደል ነው። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የደረሰችው የመጀመሪያዋ መኪና እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ በረሃ አቋርጦ ያመጣት ወልስሊ ነበረች፤ ሰላማዊ ገጸ በረከት። የጣሊያኖቹ መኪኖች በብዛት የመጡት በወረራው ነው። የወራሪው ጦር አዛዥ ባዶልዮ ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች አስከትሎ ነበር። ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖች ወታደርና ጥይት እየጫኑ አገራችንን ወጉ። የጣርማ በርን ተራራ የበሳው ዋሻ የተቆፈረው፣ መንገዶቹም የተዘረጉት ለወራሪው ጦር ስንቅና ትጥቅ ማመላለሻ ነው። አስመራ ላይ አውራ ጎዳና ተዘግቶ የመኪና ውድድር ሲካሄድ፣ ጁሴፔ ፔታጺ የነደፈው በአውሮፕላን ቅርጽ የተሠራው የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያ እ.ኤ.አ. በ1938 ክንፉን ሲዘረጋ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ አበሻውን ከነጩ የሚለይ የዘር ሕግ ይሠራ ነበር። መኪናውን መውደድ ይህን አያስረሳም፤ ሊያስረሳም አይገባም።

ከድሉ በኋላ የሆነው ነገር ነው ታሪኩን የቀየረው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸነፍ ከዜጎቹ የቀሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹም የእጅ ባለሙያዎች። ጋራዥ ከፈቱ፣ ቶርኖ ተከሉ። ከጎናቸው ቁልፍ አቀባይ ሆነው የገቡ የኛ ልጆች ካንዴላ በማጽዳት ጀምረው ቴስታታ መክፈት ተማሩ፤ ቆይተውም የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ከወራሪ መሣሪያነት የተፈታው የጣሊያን መኪና ለኢትዮጵያዊ መካኒክ እንጀራ ሆነ። በአሰብ መንገድ ላይ ዓመታት የደከመው ፊያት 682፣ ሹፌሮቹ ኤንትሬ የሚሉት፣ በነዚህ እጆች ነው የኖረው። ሴይቼንቶም እንዲሁ።

ይህ እውቀት ቆይቶ ተፈተነ። በግንቦት 1959 ዓ.ም. መጨረሻ በዐረብና እስራኤል ጦርነት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ ለስምንት ዓመት አልተከፈተም። ከጣሊያን የሚመጣ ዕቃ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ መምጣት ግድ ሆነበት። በመርከብ ትተዳደር የነበረችው ኤደን ገበያዋ ደረቀ፤ በኅዳር 1960 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲወጡላት የቀድሞው ወደብ ጥላው ብቻ ቀርቶ ነበር። ፊያትም ሴይቼንቶን ጣሊያን ውስጥ መሥራት እ.ኤ.አ. በ1969 አቆመ። መለዋወጫ ሲመነምን የእኛ መካኒኮች የተሰበረውን በቶርኖ ቀርጸው፣ ያለቀውን በበያጅ ሞልተው፣ የሌላ መኪና ክፍል አስተካክለው ማስገባት ያዙ። ለዚህ ነው ዛሬ አንዲት ሴይቼንቶ ሲከፈት በውስጧ የብዙ ሰው እጅ የሚታየው። አውሮፓዊ ሰብሳቢ ይህን ጉድለት ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ከቱሪን የመጣውን ያህል የመኪናዋ ታሪክ አካል ነው ባይ ነኝ።

ዛሬ አንዷን ገዝቶ ማደስ የሚሻ ሰው ከቀለሙ በፊት ሊብሬውን ይጠይቅ። አሮጌ መኪኖች ብዙ ጊዜ በሟች አባት ወይም አያት ስም ይቀራሉ፤ የወራሽነት ማስረጃው ሳይጣራ ገንዘብ መስጠት ፍርድ ቤት ያመላልሳል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳከር አለበት። ሞተር የተቀየረላት መኪና ለመግዛት ነውር የለውም፤ ወረቀቱ ካላወቀው ግን ችግር ነው።

ቀጥሎ ዝገት። ሴይቼንቶ ባትሪዋም ቤንዚን ታንኳም ከፊት ኮፈን ሥር ነው። የባትሪው አሲድ እየፈሰሰ መቀመጫውን ይበላዋል፤ ከዚያ ወለሉን። ምንጣፉን አንሥቶ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ መነካካት ነው፤ ድምፁ ከደነቆረ ከሥሩ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ አለ ማለት ነው። የበሮቹን ሥር፣ የጎን ደጋፊዎቹን፣ የፊት ባሌስትራው የሚታሰርበትን ቦታ አለማየት አይቻልም። ሞተር ይገኛል፣ ይሠራል፤ የበሰበሰ አካል ግን ጥሩ ባትላሜራ ይፈልጋል፣ ጥሩ ባትላሜራ ደግሞ እየቀነሰ ነው።

የመኪናዋ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ራዲያተሩ ከኋላ ከሞተሩ ጎን ስለሆነ ሲሮጡ ነፋስ ፊት ለፊት አይመታውም፤ የሚያቀዘቅዘው በፋኑ ነው። ራዲያተሩ ውስጡ በደለል ከተደፈነ፣ ወይም ቺንጊያው ከላላ፣ ውሃው ይፈላል፤ ውሃው ከፈላ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሄዳል፣ አሉሚኒየሙም ይጣመማል። ስለዚህ እድሳት ከራዲያተር ይጀምር ይላሉ የድሮ መካኒኮች፤ ልክ ናቸው። ሌላው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ አየሯ ስስ በመሆኑ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣችው ባለ 767 ሲሲዋ ሴይቼንቶ 29 የፈረስ ጉልበት ቢኖራት እዚህ የሚቀራት 22 ገደማ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተለካው የዌበር ካርቡሬተር ጂግለርም እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል። በአነስተኛ ጂግለር መተካት ርካሽ ሥራ ነው፣ ለውጡም ወዲያው ይሰማል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የፊንጫ ኤታኖል ቤንዚን ውስጥ ሲደባለቅ መቆየቱም መታሰብ አለበት፤ የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ስለሚያበላሽ በአዲስ መለወጥ ከእሳት ያድናል።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ሰማያዊና ነጭ የታክሲ ቀለሟን ይዛ የተገኘች ካለች ግን አደራ፣ በቀይ አትቀቡ። ያ ቀለም የከተማዋ ማስታወሻ ነው።

ከታደሰች በኋላስ? ትነዳለች እንጂ ምን ትሆናለች! እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጥቶ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ቁርስ መብላት፣ ከዚያም ጣርማ በር መድረስ ለሴይቼንቶ ልኳ ነው። አንደኛ ማርሽ ሲንክሮናይዝ የሌለው ስለሆነ ቆሞ ማስገባት ይሻላል። ዳገቱን ሳይቸኩሉ በሁለተኛና በሦስተኛ መውጣት፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ እየሠራ ትንሽ ማስተንፈስ። ከዋሻው ወዲያ ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ደግሞ የሁሉም ጎማ ፍሬን ከበሮ መሆኑን አለመርሳት፤ በፍሪሲዮን እየተንሸራተቱ ሳይሆን በማርሽ ታስሮ መውረድ ነው። ፍጥነቷ ትንሽ፣ ስሜቷ ግን ትልቅ ነው፤ መሪው የመንገዱን እያንዳንዱን ጠጠር ይናገራል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሹፌር ውድድር ላይ ያለ ይመስለዋል። ካርሎ አባርት ከዚህች ገላ የውድድር መኪና ማውጣቱ ነድቶ ላያት ሰው ግልጽ ይሆንለታል።

መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ወስኗል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥቅም ክርክር የለኝም። ውሳኔው ለአሮጌ መኪኖች ያለው ትርጉም ግን አንድ ነው፦ አገር ውስጥ ያሉት ሴይቼንቶዎች፣ ፊያት 1100ዎችና ኤንትሬዎች ከጠፉ የሚተኩ አይደሉም። ጣሊያኖች አውቶሞቶክለብ ስቶሪኮ የተባለውን የጥንታዊ መኪኖች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ እያንዳንዷን መኪና መርምረው የታሪክ ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። እኛም የቅርስና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶቻችን ተነጋግረው እነዚህን መኪኖች በታሪካዊነት ቢመዘግቡ፣ ለዓመታዊ ምርመራቸውም ከዕድሜያቸው ጋር የሚሄድ መመዘኛ ቢያወጡ ወጪው ቀላል፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስቸኩለው የሰዎቹ ጉዳይ ነው። ከጣሊያኖቹ ጎን ሆነው ሙያውን የተማሩት መካኒኮች አርጅተዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ አልፈዋል። የቀሩት ያወቁትን የሚጽፍላቸው፣ ከጎናቸው ቆሞ የሚማር ወጣት ይፈልጋሉ።

አንባቢ ሆይ፣ በቤተሰብዎ ግቢ ጥግ ሸራ የለበሰች ሴይቼንቶ ካለች ለቁራጭ ብረት ገዢ አይስጧት። ሊብሬዋን ከሣጥን ያውጡ፣ የሻንሲ ቁጥሯን ይመዝግቡ፣ የጠገናትን ሰው በሕይወት ካለ ሄደው ያነጋግሩት።