የሽልማት የስልክ ማጭበርበር

የሽልማት የስልክ ማጭበርበር፣ አንድ ሰው ያልቆረጠው ሎተሪ ወይም ያልገባበት ዕጣ «ደርሶዎታል» ተብሎ፣ ሽልማቱን ለማስለቀቅ በሚል ሰበብ ገንዘቡን የሚዘረፍበት የማታለል ወንጀል ነው። የሎተሪው ስም፣ የሽልማቱ መጠንና የደዋዩ ማንነት ከአገር አገር ይለዋወጣል። የማይለወጠው ነገር ተሸላሚ የተባለው ሰው ከመቀበሉ በፊት እንዲከፍል መጠየቁ ነው።

አሠራሩ

የመጀመሪያው ጥሪ ብዙውን ጊዜ የምሥራች ብቻ ነው። ደዋዩ የሎተሪ ድርጅት፣ የባንክ፣ የቴሌኮም ኩባንያ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ ይላል፤ የተጠሪውን ስምና አድራሻ ስለሚያውቅም ይታመናል። መረጃውን የሚያገኘው አጭበርባሪዎች እርስ በርሳቸው ከሚሻሻጧቸው የስም ዝርዝሮች ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ዋጋ የሚያወጣው ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ስም ነው። በስልኩ መስታወት ላይ የሚታየው ቁጥርም ማስረጃ አይሆንም፤ ደዋዩ ከሌላ አገር ሆኖ የሚታወቅ መሥሪያ ቤት ቁጥር እንዲታይ ማድረግ ይችላል።

ቀጥሎ ክፍያው ይመጣል። ግብር፣ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኢንሹራንስ ወይም የማስተላለፊያ ወጪ ይባላል፤ ከተስፋው ሚሊዮን ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ያ ሲከፈል ሌላ እንቅፋት ይፈጠራል፦ ሰነዱ ማህተም ይቀረዋል፣ ዕቃው ወደብ ላይ ተይዟል፣ አንድ ባለሥልጣን ሳይፈርም አይሆንም። በዚህ ደረጃ ተጎጂው የሚከፍለው ሽልማቱን ለማግኘት ብቻ ሳይሆን እስካሁን የላከው ከንቱ እንዳይቀር ጭምር ነው።

ተጎጂዎችን ስግብግብ ናቸው ብሎ መውቀስ የተለመደ ቢሆንም ነገሩን በቅጡ አያስረዳም። ደዋዩ ለወራት በየማለዳው እየደወለ ስለ ጤናቸው ይጠይቃል፣ ያጽናናል፣ አንዳንዴም አብሯቸው ይጸልያል። ለቀናት ደጃፋቸውን የሚረግጥ ሰው ለሌላቸው አረጋዊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምሥጢሩን ለባንክ ሠራተኛም ለልጆቻቸውም እንዳይነግሩ አጥብቆ የሚያሳስባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌላ አንድ ሰው ከሰማው ነገሩ በአምስት ደቂቃ ይፈርሳል።

ገንዘቡ የሚጠየቀው በሐዋላ፣ በቅድመ ክፍያ ካርድ፣ በስጦታ ካርድ ቁጥር ወይም በፖስታ በሚላክ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ሁሉም ከእጅ ከወጡ በኋላ ለማስመለስ ያስቸግራሉ። ረቀቅ ያለው ዘዴ ሐሰተኛ ቼክ ነው። ተጎጂው «የሽልማቱ ከፊል» የተባለ ቼክ ይደርሰዋል፤ ባንኩ ቼኩ ሳይጣራ ገንዘቡን ሒሳቡ ውስጥ ስለሚያስገባለት ተማምኖ «ግብሩን» ይልካል። ከሳምንታት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል። አንዳንዱ ተጎጂ ደግሞ ሳያውቀው የሌሎችን ገንዘብ ተቀብሎ እንዲያስተላልፍ ይደረጋል።

የጃማይካ ጉዳይ

በሰሜን አሜሪካ በ1990ዎቹ (እዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዚህ ወንጀል ዋነኛ መነሻ ካናዳ፣ በተለይም ሞንትሪያል ነበረች። የካናዳና የአሜሪካ ፖሊሶች በ1998 «ኮልት» የተባለ የጋራ ዘመቻ ከፍተውባታል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ግን ስሙ የገነነው የጃማይካው ነው። በሞንቴጎ ቤይ ከተማና በአካባቢዋ ለአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሠሩ የጥሪ ማዕከላት ተከፍተው ነበር። ማዕከላቱ አሜሪካዊ ደንበኛን በስልክ ማናገር የሚያውቁ ወጣቶችን አፈሩ፤ የደንበኞች ስምና ስልክም ከዚያው እየሾለከ ወጣ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ወንጀሉ በዓመት እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል ተብሎ ይገመት ነበር። የስም ዝርዝር ለመቀማት ወሮበሎች ይታኮሱ ጀመር፤ በጥር 2018 መንግሥት ሞንቴጎ ቤይ በምትገኝበት በሴይንት ጄምስ አውራጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማወጅ ደረሰ።

በደሴቲቱ ድርጊቱ ለባርነት ዘመን ግፍ የሚወሰድ ካሣ ነው ብለው የተከራከሩለት አልጠፉም። ክርክሩ አያስኬድም፤ የከፈሉት በአብዛኛው በጡረታ የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው፣ ቤታቸውን ያጡም አሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የተወራለት ጉዳይ የዊሊያም ዌብስተር ነው። ዌብስተር ኤፍቢአይንም ሲአይኤንም የመሩ ብቸኛው ሰው ናቸው። በ2014፣ ዕድሜያቸው 90 ሲሆን፣ አንድ ጃማይካዊ ደውሎ 72 ሚሊዮን ዶላርና አንድ መርሴዲስ ቤንዝ መኪና እንደደረሳቸው፣ ለመረከብ ግን 50,000 ዶላር መላክ እንዳለባቸው ነገራቸው። የሚያነጋግረው ማን እንደሆነ አላወቀም። ባልና ሚስቱ ለኤፍቢአይ አመለከቱ፣ ጥሪዎቹም ተቀዱ። ገንዘቡ እንደማይመጣ ሲረዳ ደዋዩ ቃናውን ለወጠ፤ ባለቤታቸውን እንደሚገድል፣ ቤታቸውን እንደሚያቃጥል ዛተ። በ2017 መጨረሻ ኒው ዮርክ ሲገባ ተያዘ፤ በ2019 የ71 ወራት እስራት ተፈረደበት። ከምሥራች ወደ ዛቻ መሸጋገር በብዙ ጉዳዮች የታየ ነው፤ ያልከፈለውም ሰው ቢሆን መልሶ መነጋገሩን ቢተው ይሻለዋል።

ጃማይካ በ2013 ልዩ ሕግ አወጣች። በሕጉ የሌላን ሰው መለያ መረጃ ለማጭበርበር ይዞ መገኘት ራሱ ወንጀል ሆነ፤ ሕጉ የሚደነግገው ቅጣት እስከ 20 ዓመት እስራት ይደርሳል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በበኩሉ በ2015 መጨረሻ የስልክ ሻጮች በጥሬ ገንዘብ ሐዋላ ክፍያ እንዳይቀበሉ ከለከለ። በ2017 የገንዘብ አስተላላፊው ኩባንያ ዌስተርን ዩኒየን በወኪሎቹ በኩል የሚፈጸመውን ማጭበርበር ባለመግታቱ 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚሁ ገንዘብ የሎተሪ ማጭበርበር ተጎጂዎች ካሣ አግኝተዋል። ይህ ደዋዮችን ከማሰር ይልቅ የገንዘቡን መተላለፊያ መዝጋት የበለጠ ሊያዋጣ እንደሚችል የሚጠቁም ነው።

በኢትዮጵያና በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ

በኢትዮጵያ ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ «ከቴሌ ነው» ይላል። ቁጥርዎ ዕጣ ወጥቶለታል ካለ በኋላ በኮከብ ምልክት ጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቅ ኮድ እንዲጽፉ ያዝዛል፤ ኮዱ የስልኩን ሒሳብ ወደ ደዋዩ የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል። የሞባይል ካርድ ገዝተው ቁጥሩን እንዲያነቡለት የሚጠይቅም አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የሞባይል ባንክ ከተስፋፋ ወዲህ የሚፈለገው የምሥጢር ቁጥር ወይም በአጭር መልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ሆኗል። ይህ ጉዳቱን ያከብደዋል፤ ዱሮ የሚጠፋው የካርድ ብር ነበር፣ ዛሬ ሙሉ ቁጠባ ነው።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የቴሌኮም ኩባንያው ኢቲሳላት 200,000 ድርሃም ሸለመዎት የሚል ጥሪ ለዓመታት ለውጭ አገር ሠራተኞች ሲደርስ ኖሯል። እዚያም የተጠየቀው ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው።

ለሐበሻ የተለየ ማጥመጃ የዲቪ ዕጣ ነው። ሽልማቱ ገንዘብ ሳይሆን ቪዛ ስለሆነ ጠንቃቃ ሰው ሳይቀር ይሳሳታል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕጣ የደረሰውን ሰው በስልክ አይጠራም፣ ክፍያም በሐዋላ ላኩ አይልም። አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ መንግሥታዊው ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ያያል፤ የቪዛው ክፍያም የሚፈጸመው ኤምባሲ በቀጠሮ ሲቀርብ ነው።

መለያውና መከላከያው

ቲኬት ያልቆረጠ ሰው ሎተሪ አይደርሰውም። ሎተሪ የደረሰውም ቢሆን ግብሩ ከሽልማቱ ላይ ተቀንሶ ነው የሚሰጠው እንጂ አስቀድሞ ከኪሱ አያወጣም። ባንክም ሆነ ቴሌኮም የደንበኛን የምሥጢር ቁጥር ደውሎ አይጠይቅም። ጥርጣሬ ካለ ስልኩን ዘግቶ ድርጅቱን በሚታወቀው ቁጥሩ መልሶ መደወል ይበቃል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይገኛል። ደዋዩ የሰጠው ቁጥር ግን ለማጣራት አይረባም፣ የሚያነሳው የእርሱ ባልደረባ ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ ድርጊቱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ስለ አታላይነት በተደነገገው የሚሸፈን ሲሆን፣ በኮምፒዩተር ሥርዓት በኩል ሲፈጸም አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ይመለከተዋል። ገንዘብ የላከ ወይም ኮድ የሰጠ ሰው ሳይውል ሳያድር ለባንኩ ወይም ለቴሌኮሙ ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፣ የደዋዩን ቁጥርና የክፍያውን ደረሰኝ ይዞ ለፖሊስ ማመልከት አለበት። ከዚያ በኋላ «ገንዘብዎን እናስመልስልዎ፣ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ግን ይህን ያህል ይላኩ» የሚል ሌላ ሰው ቢደውል፣ ያው ደዋይ ወይም ስምዎን ከእርሱ የገዛ ሌላ አጭበርባሪ ነውና ስልኩን ይዝጉት።