ቦብ የሌለበት የቦብ ልደት

ባለፈው ሰሞን አምስት ጓደኛሞች ሆነን ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ቆመን ባንድ ስናይ ዋልን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 8 ሰዓት ላይ የተጀመረ ኮንሰርት ነው። (አዘጋጆቹን በስም አናነሳም። ፈርተን አይደለም፤ የሚቀጥለው እንዳያመልጠን ብለን ነው።) ፀሐዩንም አቧራውንም ችለነው ነበር። ያልቻልነው መድረኩን ነው። አብዛኞቹ ዘፋኞች ከኋላቸው ሙሉ ባንድ ገትረው፣ የዘፈኑት ግን በፍላሽ በመጣ ሙዚቃ ላይ ነበር። ድራመሩ እንጨቱን ሳያሳርፍ ድምፁ ቀድሞት ይወጣል። ጊታሪስቱማ ሥራው ፎቶ መነሳት ብቻ ሆኗል። "ለዚህ ለዚህ ቤታችን ተጋድመን ዩቲዩብ አናይም ነበር?" አለች አንዷ፣ ከእናቷ የተዋሰችውን ጃንጥላ እያጠፈች።

ደግነቱ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ አንድ ባንድ ወጣ። ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ሞንታርቦው ዝም፣ ኪቦርዱ ዝም፣ ማይኩ ዝም። ድራምና ሳክስፎን ግን ኤሌክትሪክ አይጠይቁም፤ ቀጠሉ። ሕዝቡም የዘፋኙን ድርሻ ተቀብሎ ዘፈኑን ዳር አደረሰው። የትኬቱ ገንዘብ የተመለሰልን በእነዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ነው።

ማታ ታክሲ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነሳና እስከ ቤት አጨቃጨቀን። የዚህ ከተማ ሰው አደባባይ ላይ ቆሞ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ያለ ትኬት፣ እውነተኛ ባንድ ያየው መቼ ነው? በማግስቱ ታላላቅ ወንድሞቻችንንም አክስቶቻችንንም ጠየቅን። መልሳቸው አንድ ነበር፦ የቦብ ማርሌ ቀን!

እሑድ፣ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ መስቀል አደባባይ። እኛ ያኔ ወይ አፋችንን ያልፈታን፣ ወይ ፊደል የምንቆጥር ነበርን። ቦብ ማርሌ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላው በዚያ ዕለት ነበር፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1945 ነውና። ቤተሰቡ ልደቱን ከጃማይካ ውጭ ሲያከብር ያ የመጀመሪያው ነበር፤ የተመረጠችውም አዲስ አበባ። ዝግጅቱ "አፍሪካ ዩናይት" ተባለ። ባለቤቱ ሪታ መጣች፤ ልጆቹ እነ ዚጊ፣ እነ ስቴፈን፣ እነ ዴሚያን መጡ። ከሴኔጋል ዩሱ ንዱርና ባባ ማል፣ ከቤኒን አንጀሊክ ኪጆ መድረክ ወጡ። ሕዝቡ በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር፤ አንዳንዱ ግምት ከ300 ሺህ ያልፋል። ሙዚቃው ከቀን ተጀምሮ እስከ ሌሊት ዘለቀ። ስቴፋኒ ብላክ የተባለችው ዳይሬክተር በዚያው ስም የሠራችውን ዶክመንተሪ (እ.ኤ.አ. 2008) ያላያችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ፈልጉት።

ለምን አዲስ አበባ? ይህን ለመመለስ ወደ ኪንግስተን መመለስ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ ሲገቡ፣ መንገድ ዳር ቆመው ከጠበቋቸው መካከል አዲስ ሙሽራዋ ሪታ ነበረች። ንጉሡ እጃቸውን ሲያውለበልቡ መዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት አየሁ ብላ ተናግራለች። (እኛ አላየንም፤ እሷ ግን ሕይወቷን የቀየረችው በዚያ ነው።) ቦብ ግን ያን ዕለት አገሩ አልነበረም፤ አሜሪካ፣ ደላዌር ለሥራ ሄዶ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. 1978፣ ቦብ ራሱ ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔን ሲያይ ደግሞ ንጉሡ አልነበሩም፤ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡትን የሻሸመኔ መሬት አብዛኛውን ክፍልም የደርግ የመሬት አዋጅ ወርሶታል። በ1997 የልደት ድግሱ አዲስ አበባ ሲደገስ ደግሞ በተራው ቦብ የለም። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ሲተላለፉ ኖሩ።

የማይተላለፍ ነገርም ነበር። ቦብ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1980፣ በካንሰር ታሞ ሳለ፣ በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ "ብርሃነ ሥላሴ" ተብሏል። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ሲሞትም ኪንግስተን ላይ የተሸኘው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ሪታ ከልደቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት አጽሙ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል ማለቷ ሲሰማ ጃማይካ ውስጥ የተነሳውን ቁጣ አስቡት። ፋውንዴሽኑ ወዲያው አስተባበለ። አጽሙ ዛሬም ናይን ማይል በተባለው የትውልድ መንደሩ ነው።

ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኛን ያስገረመን ሌላው ታሪክ፣ የባንዶቹ ታሪክ ነው።

በዚህች አገር ባንድ የጀመረው ሜዳ ላይ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የትንፋሽ መሣሪያዎች መጡ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አስመጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት ማርሽ ባንድ አቋቋሙ። ሰልፍ ሲኖር፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሕዝቡ መንገድ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። ቀስ በቀስ ግን ባንድ ወደ ቤት ገባ። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ የወጡት ከክብር ዘበኛ ነው። ከዚያ ሆቴሎች ተራውን ያዙ፤ ራስ ሆቴል፣ ዋቢ ሸበሌ፣ በኋላም ሒልተን። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የውጭ ሰው በውድ የሚገዛው ሸክላ አብዛኛው የተቀረጸው በእነዚያ የሆቴልና የክበብ ባንዶች ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን ብቸኛ የማሳተም መብት ጥሶ በግሉ ሸክላ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ ደግሞ ይህም ላይተርፍ ይችል ነበር።

ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊም አብሮት መጣ። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ሕይወት ያስከፍል ነበርና፣ ሒልተን ዋሊያስ ባንድን ለማየት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። በሩ ይዘጋል፤ ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል። ዛሬ ይህን ሲያወሩት የሚናፍቅ ነገር ያስመስሉታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራ! እኛ ግን ስንሰማው የሚታየን የተቆለፈው በር ነው። ውጭ ቀይ ሽብር፣ ውስጥ ሳክስፎን። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያስ ለትዕይንት አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኖሩ፤ መሣሪያቸውን መኪናው ውስጥ ያስቀምጡና ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ዓለም መልሶ ያገኛቸው እ.ኤ.አ. በ2013፣ የድሮ ካሴታቸው እንደገና ሲታተም ነው። እዚህ ደግሞ ባንድ እየከበደ፣ ካሴት እየበዛ፣ አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን ሠርጉንም አልበሙንም የሚሸፍንበት ዘመን መጣ። እኛ ያደግነው በዚያ ድምፅ ነው፤ አንክድም።

ከአገር ከወጡት መካከል ቺካጎ የሰፈሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። "ዳሎል" የሚባል ባንድ አቋቁመው ሬጌ ይጫወቱ ጀመር። ዚጊ ማርሌና ወንድም እህቶቹ እ.ኤ.አ. በ1988 "ኮንሺየስ ፓርቲ" የተባለውን አልበም ሲሠሩ ከኋላቸው የተጫወቱት እነዚህ ልጆች ናቸው። አልበሙም ግራሚ ወሰደ። ይህን ስናነብ አንዳችን "ውሸት!" ብላ ጮኸች። ውሸት አይደለም። የቦብ ልጅ ዓለምን ያዳረሰበት ድምፅ ውስጥ የሰዓት እላፊ ዘመን ያሰደዳቸው የአበሻ ልጆች እጅ አለበት። እንግዲህ ጥር 29 ዚጊ መስቀል አደባባይ ሲቆም፣ ስንቱ ሰው ይህን አውቆ አጨብጭቦ ይሆን?

አደባባዩም የራሱ ታሪክ አለው። ያ ደረጃ ከዚያ በፊት ከሙዚቃ ይልቅ ሌላ ነገር ነበር የሚያውቀው። አብዮት አደባባይ በነበረበት ዘመን፣ ሚያዝያ 1969 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን ሕዝብ ፊት የከሰከሱት እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወላጆቻችን ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። በዚያው ቦታ ነው እንግዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ ወታደር ሰልፍ ሳያስይዘው፣ መፈክር ሳያሲዘው፣ ዝም ብሎ ሙዚቃ ሊሰማ የቆመው።

ቀን መቁጠሪያ ስንገልጥ ያገኘነው ደግሞ ይኸውላችሁ። ከኮንሰርቱ ልክ ሦስት ወር ቆይቶ፣ ሚያዝያ 29፣ ኢሕአዴግ የምርጫ ሰልፍ የጠራው እዚያው አደባባይ ላይ ነው። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 30፣ ቅንጅት ጠራ፤ አደባባዩ እንደገና ሞላ። ግንቦት 7 ምርጫ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሰኔና በጥቅምት የፈሰሰውን ደም እናንተም ታውቁታላችሁ። ኮንሰርቱ ያን አመጣ ልንል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድምዳሜ የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ እኛ ከነሱ አይደለንም። ግን የዚያ ዓመት ሰው በብዛት ተሰብስቦ በሰላም መመለስ እንደሚቻል መጀመሪያ በእግሩ ያየው በጥር ይመስለናል። አክስቶቻችን ስለዚያ ቀን ሲነግሩን ከዘፋኞቹ በፊት የሚያነሱት ይህንኑ ነው፤ ማን እንደገፋቸው ሳይሆን ማን ውሃ እንዳቀበላቸው፣ ለልጁ ማን ቦታ እንደለቀቀለት።

ከዚያ ወዲህ በአደባባዩ ኮንሰርት አልነበረም አንልም፤ ነበር። ብዙው ሙዚቃ ግን ተመልሶ አጥር ውስጥ ገብቷል። በ2000 ዓ.ም. ቢዮንሴ ስትመጣ አዳራሽ ነው የዘፈነችው። አደባባዩም ታድሶ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል። ለተማሪና ለጀማሪ ደሞዝተኛ ግን የአዳራሽ ትኬት የወር ትራንስፖርት ነው፤ እኛም ባለፈው ሰሞን የገባነው ተዋጥተን ነው።

በአጎቷ ትከሻ ላይ ሆኜ አይቻለሁ ብላ የምትምል አንዲት ጓደኛ አለችን። "ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነሽ፣ ምን ታስታውሻለሽ?" እያልን ስናሾፍባት ከረምን። ባለፈው እሑድ ከአባቷ ቁም ሣጥን ፎቶ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችልን። ከጀርባው በእስክሪብቶ "29/5/97 መስቀል አደባባይ" ተብሎ ተጽፏል። መድረኩ በርቀት የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ላዩ ላይ ያለው ዚጊ ይሁን ዩሱ ንዱር አይለይም። ከፊት አንዲት ትንሽ ልጅ የአንድ ወጣት ትከሻ ላይ ተቀምጣለች። ድምፁ በርትቶባት ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ይዛለች፤ አፏ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።