3.31 ወይስ 4.10?

እስቲ አስቡት፦ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1970፣ አገሩ አሜሪካ ነው። ሼቭሮሌ ሼቬል ኤስኤስ 454 ልትገዙ ነው። ታዲያ የኋላው ዲፈረንሻል 3.31 ይሁን ወይስ 4.10?

4.10 ማለት 10 ጥርስ ያለው ትንሽ ማርሽ 41 ጥርስ ያለውን ትልቅ ማርሽ ያዞራል ማለት ነው። ሞተሩ ያው ሆኖ፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው የማዞር ጉልበት ከ3.31 በ24 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ለ402 ሜትር የቀጥታ ውድድር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ግን በነጻ አይገኝም። በዚያ ዘመን ካምቢዮ የመጨረሻው ማርሽ ላይ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ከሞተሩ ጋር እኩል ነው የሚዞረው። ጎማው በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ይሄዳል እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ፣ በ3.31 ሞተሩ በደቂቃ 2,600 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ4.10 ግን 3,250 ገደማ። ረጅም መንገድ ላይ ጩኸቱንም ቤንዚኑንም የምትችሉት እናንተው ናችሁ!

የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ሚዛኑ ወደ ትናንሾቹ ቁጥሮች አጋደለ። ኋላ ላይ ግን ኦቨርድራይቭ ያላቸው ካምቢዮዎች ተስፋፉ፤ በመጨረሻው ማርሽ ዘንጉ ከሞተሩ ይፈጥናል። ያኔ ለመነሻ ጉልበት፣ ለረጅም መንገድ ደግሞ ጸጥታ፣ ሁለቱንም ማግኘት ተቻለ።

ስለዚህ ስለ አንድ የድሮ መኪና ፈረስ ጉልበት ሲወራ፣ «ዲፈረንሻሉስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።